ጋሽ ለሜሳና አንቀጽ አሥራ አራት

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ ኋላ ከሌላ ሰው ስትሰሙት የደበቅኋችሁ እንዳይመስል። ስሜ ቢተው ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ትንሽ የመነጽር ሱቅ አለችኝ፣ ቤቴ ገርጂ ነው፣ የሠፈራችን መረዳጃ እድር ጸሐፊም ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል። እናም አምና ጥር ላይ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ፣ «ወይዘሪት ሩሃማ ቢቂላ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ከአባልነት የተሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁበት፤ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ። እውነቱን ልናገርና ምንም አልተሰማኝም።

ሰላሜን የነሱኝ ጋሽ ለሜሳ ናቸው።

በማግሥቱ ገና ሱቄን ከመክፈቴ መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ያቺን ግራጫ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሥነ ዜጋ አስተማሪዬ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ «መምህር» እንጂ ፊት ለፊት በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ከእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የነቀሉትን ደብዳቤዬን ከኪሳቸው አውጥተው የመነጽር መደርደሪያው መስታወት ላይ ዘረጉት።

«አንብብልኝ» አሉ።

«መነጽርዎ ተሰበረ እንዴ መምህር?»

«መነጽሬ ደህና ነው። አንተ ጮክ ብለህ ስታነበው መስማት ፈልጌ ነው።»

አነበብኩ። «አንቀጽ አሥራ አራት» ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«አንቀጽ አሥራ አራት ምን ይላል?»

«የእድሩን መንፈስ የሚያውክ አባል በሥራ አመራሩ ውሳኔ ይሰናበታል።»

«መንፈስ ማለት ምንድን ነው? ማወክስ?»

«ደንቡ አይዘረዝረውም።»

«ከሳሹ ማን ነው?»

«ሥራ አመራሩ።»

«ፈራጁስ?»

«እሱም ሥራ አመራሩ።»

«ይግባኝ የሚሰማውስ?»

«ደንቡ ላይ የለም» አልኩ። ፈተና ላይ ያልተማርኩት ጥያቄ የመጣብኝ ያህል አላበኝ።

«ይህን የጻፈ ደደብ ማን ነው?» አሉ።

ዓይኔን ወደ ደብዳቤው መለስኩ፤ ማን እንደጻፈው አውቃለሁዋ። ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ለሜሳ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድሩ በ1989 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳኛ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ አንድ ጠጪ አባል ነበረን። ለቅሶ ቤት ሁሉ ሞቅ ብሎት ይመጣል፤ ሐዘንተኛ ፊት ይሳደባል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከሰው ጋር ሲጓተት የድንኳኑን ምሰሶ ነቅሎ ድንኳኑን በአልቃሾቹ ላይ ጣለው። አባላቱ «ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ የምንገላገልበት አንድ ነገር ይጻፉልን» አሏቸው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጻፉት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሰውየው ተባረረ። አንቀጹ ግን ቀረ።

«ክፍል ውስጥ ሥልጣን ልክ ሊኖረው ይገባል ብዬ አስተምርሃለሁ» አሉኝ፣ «ቅዳሜ በገዛ እድሬ ልክ የሌለው ሥልጣን እጽፋለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዳኛው እኔ ስለሆንኩ ነዋ! እኔ ክፉ አልሠራበትማ! ከእኔ በኋላ የሚመጣውን አላሰብኩም። አሁን በዚያ አንቀጽ የቢቂላ ልጅ ተባረረች። እኔ ሳልሞት ያ አንቀጽ መሰረዝ አለበት።»

ስለ እሳቸው ትንሽ ልንገራችሁ። የተወለዱት እዚሁ ገርጂ ነው፣ ገርጂ የገበሬ መንደር በነበረችበት ጊዜ። አባታቸው ባቄላ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ የጥርስ ክሊኒክ፣ ጂም ቤትና ሁለት ባንኮች ያሉበት ፎቅ ቆሟል። «መሬቱን መጥተው ለኩት እንጂ አልጠየቁንም» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው ያገኟት፤ ይኸው ዛሬ አፌን ከፈታሁባት ከእኔ በላይ ያሳምሯታል።

አስተማሪ የሆኑት በደርግ ጊዜ ነው። የፖለቲካ ትምህርት ተሰጣቸውና ሊበራሊዝም የከበርቴ ማታለያ ነው ብለው አስተማሩ። መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉም ተለወጠ፤ ሥነ ዜጋ ተባለ፤ ስለ መብትና ስለ ሕግ የበላይነት አስተማሩ። ጥቂት ቆየና ደግሞ ቴሌቪዥኑ «ኒዮሊበራል» የሚለውን ቃል የየዕለቱ ስድብ አደረገው። ልጆች «መምህር፣ ኒዮሊበራል ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የማስተማሪያው መጽሐፍ ጭጭ አለ። «ሁለት መንግሥት ተፈራርቆ የሰደበውን ነገር አንድ ቀን በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ» ይላሉ። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እየለቀሙ ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ አልዳኑም።

ያን ቀን ሱቄ ውስጥ እንደ ሞኝ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «መምህር፣ ይህ የፈረንጅ ፖለቲካ ከእድር ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ከቀብር ነው የተነሣው» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ሊበራሊዝም! ቃሉ ከላቲን ነው፤ ነጻ ከሚለው የመጣ። ሐሳቡ ግን የመጣው ከሬሳ ብዛት ነው። አውሮፓ ውስጥ ክርስቲያንና ክርስቲያን ስለ አጸላለይ ተጣልተው ከመቶ ዓመት በላይ ተራረዱ። ከተማ አቃጠሉ። ሁሉም በእግዚአብሔር ስም ነው። መጨረሻ ላይ የደከማቸው ሰዎች ተነሡ። ፈላስፋ ስለሆኑ ብቻ አይምሰልህ፤ መቅበር ስለታከታቸው ነው። አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ ንጉሡ ግብር ሊያስከፍለኝ ይችላል፣ ሊያዘምተኝ ይችላል፤ ሊያሳምነኝስ ይችላል? ሰይፍ አንገቴ ላይ ቢያደርግ አፌ እሺ ይላል፤ ልቤስ?»

«አይልም።»

«አይልም። እንግዲያው የንጉሡ ሥልጣን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ይህች ቀዳዳ ከተከፈተች በኋላ ጥያቄው አላባራም። ልቤ ላይ ከቆመ አንደበቴስ ላይ? ቤቴስ? ማሳዬስ? የሚቆምበትን ድንበር የሚያሰምረው ማን ነው? ሕግ ነው አሉ። ሕጉንስ የሚያወጣው? የሚገዛበት ሰው ራሱ ፈቅዶ አሉ። እንግሊዞች ንጉሣቸውን በሕግ አሰሩት፤ አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ ተከተሉ። ሊበራል የሚለው የፖለቲካ ወገን መጠሪያ የሆነው እንኳ ኋላ ነው፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስፔን ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚጽፉ ሰዎች ተጠሩበት።»

እኔም ዝም ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም። «እነዚሁ ሰዎች አይደሉ እንዴ ባሪያ የነገዱት? አፍሪካን የተቀራመቱትስ?» አልኳቸው።

«ናቸው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «አፍረውበትም አልጨረሱ። ግን ባሪያው ራሱ ነጻነቱን ሲጠይቅ ያንኑ ቃላቸውን ነው ያነሣባቸው። ደግሞ አንድ ወጥ ነገር አይምሰልህ። ግማሹ መንግሥት ከገበያው ይውጣ ይላል፤ ግማሹ የራበው ሰው ነጻ አይደለም፣ መንግሥት ይደግፈው ይላል። እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። ሥሩ ግን ያው ነው፤ ሰው የራሱ ነው። የንጉሥ አይደለም፣ የጎሣ አይደለም፣» ጣታቸውን ደብዳቤዬ ላይ አሳረፉ፣ «የእድርም አይደለም።»

አሁን የሩሃማን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሩሃማ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከሱቄ ብዙም የማይርቅ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አባቷ ጋሽ ቢቂላ የጋሽ ለሜሳ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ፤ የዛሬ አራት ዓመት ሲያርፉ አባልነታቸው በደንባችን መሠረት ለልጃቸው ተላለፈ። እናቷ እማማ ኦብሴ በእሷ ስም ሥር ተመዝግበዋል። እማማ ከወገባቸው በታች ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧቸውም።

ሩሃማ ሃይማኖቷን ቀየረች። ፕሮቴስታንት ሆነች። እድራችን በየዓመቱ ለጥቅምት መድኃኔዓለም ዝክር ያወጣል፤ እሷ ቀረች። በሁለተኛው ዓመት በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰባት መስመር ጻፈች፤ «ለቅሶና ቀብር የሁላችንም ግዴታ ነው፣ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ዝክሩ ግን በፈቃድ ቢሆንስ?» የሚል። በጨዋ ቃል ነው የጻፈችው። ግሩፑ ግን ተቀጣጠለ። ሥራ አመራሩ ተሰበሰበ፤ የእድሩን መንፈስ አውካለች አለ፤ እኔም ያቺን ውብ ደብዳቤዬን ጻፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አባላችን ሃይደር ሙስሊም ነው። ጋራዥ አለው። ለዝክሩ መጥቶ አያውቅም፤ ለስላሳ መጠጥ በሳጥን ይልካል፤ እኛም «ሃይደር አይረሳንም» እያልን እንጠጣለን። አንድም ሰው ሃይደር መንፈሳችንን አወከ ብሎ አያውቅም። ይህን ለአሁኑ ዳኛችን ለአቶ ዓለምሰገድ አንሥቼባቸው ነበር። አቶ ዓለምሰገድ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ለእድሩ ሲሉ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። «ሃይደር የተወለደበት ነው፤ ምን ያድርግ?» አሉኝ። «እሷ ግን መርጣ ነው የሄደችው። ይህ እድር ሱቅ አይደለም፤ የወደዱትን አንሥተው የጠሉትን የሚተዉበት። አንዷን ዝም ካልን ነገ አንድነት የሚባል ነገር አይኖርም።»

እኔ በዚህ ረክቼ ወጣሁ። ጋሽ ለሜሳ ስነግራቸው ግን ከወንበራቸው ተነሡ። «አየህ? የተወለዱበትን እንታገሣለን፤ የመረጡትን እንቀጣለን። ሰው የሚከበረው ሳይመርጥ ሲቀር ነው ማለት እኮ ነው!»

ደንባችን አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ለመጥራት የስልሳ አባላት ፊርማ ይጠይቃል። ጋሽ ለሜሳ አንድ ፋይል ገዝተው ተነሡ። ሊፍት የሌለውን ኮንዶሚኒየም አራትና አምስት ፎቅ እየወጡ፣ እየወረዱ። ከሠፈሩ የለቀቁትንም አልተዉም፤ ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍረው ያሉበት ድረስ ሄዱ። አንዳንዱ በር ዘጋባቸው። በማግሥቱ ተመልሰው አንኳኩ። እኔ የሥራ አመራሩ አባል ስለሆንኩ ከዳር ቆሜ ነው የማየው፤ እውነቱን ለመናገር ይታክቱኝ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንዱ አባል ሲያስቆማቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«ጋሽ ለሜሳ፣ በእርጅናዎ ጴንጤ ሆኑ የሚባለው እውነት ነው?»

«እሑድ ቅዳሴ ላይ ካጣኸኝ ያኔ ጠይቀኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ሊበራል።»

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና፣ «እሱ ደግሞ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለ።

ጋሽ ለሜሳ አልሳቁም። መንገድ ዳር ቆመው አርባ ደቂቃ አስረዱት። ፈረመ፤ ገብቶት ይሁን ፀሐዩ በርትቶበት አላውቅም።

ፊርማው አርባ ሰባት ሲደርስ አቶ ዓለምሰገድ ጠሩኝ። ነገሩ ከረረ፣ ሠፈሩም ሁለት ቦታ ሊከፈል ነው፤ አንድ መላ አለኝ አሉ። ሩሃማን በምሕረት እንመልሳታለን፤ እናቷም እንደ ድሮው በእድራቸው ይኖራሉ፤ ጋሽ ለሜሳ ፊርማውን ይተዉ፤ አንቀጹ ባለበት ይቆይ። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። በቃ ተገላገልን አልኩ። ጋሽ ለሜሳን ይዤ እየሮጥኩ እማማ ኦብሴ ቤት ሄድኩ።

ሩሃማ ከሥራ መግባቷ ነበር። እኔ የምሥራቼን ሳልተነፍስ እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «ስሜን ይዘው ስንት ቤት ዞሩ?»

«አርባ ሰባት ፈርመዋል። በሩን የዘጉብኝን ሳልቆጥር ነው» አሉ በኩራት።

«እኔን የጠየቁኝ መቼ ነው?»

ጋሽ ለሜሳ ፋይሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ኮሚቴው ሳይጠይቀኝ አባረረኝ። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ሊያስመልሱኝ ተነሡ። ሥራ ቦታ ሳይቀር ሰው እየመጣ ስለ ሃይማኖቴ ይጠይቀኛል። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ ጋሼ። ግን እኔ እኮ አለሁ!»

አስተማሪዬ እንዲህ ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም። እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ አውጥተው፣ መልሰው ከተቱ። ከዚያ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። «ሌላውን ሳስተምር ከርሜ ራሴ ሳትኩት። ወረቀቱ ያንቺ ነው። ቅደደው ካልሽኝ አሁን እቀደዋለሁ።»

ይኼኔ እኔ የአቶ ዓለምሰገድን ሐሳብ ነገርኳቸው። ነገሩን ማሳመሬም አልቀረም፤ «ዛሬውኑ ትመለሻለሽ፤ እማማም ሐሳብ አይገባቸውም» አልኩ። ሩሃማ ወደ እናቷ አልጋ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ፍርሃት ሲገባበት አየሁ። እምቢ ብላ እናቷ ቢሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ የሚያስተዛዝን፣ አስከሬን የሚያነሣ ወገን አይኖራትም፤ ይህ ነበር የፈራችው፤ እውነቷንም ነው።

ጋሽ ለሜሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ኦብሴ፣ ቀብሩ ያንቺ ነው። አንቺው ተናገሪ» አሏቸው። ከእማማ ጋር አብሮ አደግ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚያወሩት፤ ሌላ ሰው ቢለው አፍንጫውን ነበር የምለው።

እማማ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ያ ለሜሳ» አሉ በኦሮምኛ አጠራር፣ «ስሞት አልሰማም። የምሰማው አሁን ነው። ልጄ በምሕረት ገባች ሲባል መስማት አልፈልግም። ምን አጠፋችና ነው የምትማረው?» ወደ እኔ ዞሩ። «ሃይማኖቷን ስትቀይር አንጀቴ ነው ያረረው። ስድስት ወር አላናገርኳትም። አሁንም በየቀኑ አለቅስባታለሁ። ግን ይህ የእኔና የእሷ ነው። ዓለምሰገድ ምን አገባው?»

ሩሃማ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የእናቷን እጅ ሳመች። ከዚያ ተነሥታ እስክሪብቶ ፈለገች። «የት ላይ ነው የምፈርመው?»

«አባል ስላልሆንሽ ፊርማሽ አይቆጠርም» አልኳት፣ የጸሐፊ ነገር ሆኖብኝ።

«አይቆጠር። እፈርማለሁ።»

ፈረመች። እኔም እስክሪብቶውን ተቀበልኳትና ከሥሯ ፈረምኩ። ጽሑፌ ያን ቀን አላማረም።

ጋሽ ለሜሳ ፊርማውን በሁለት ሳምንት ሞሉት። ጉባኤው መጋቢት መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በእድሩ ግቢ ተጠራ። መቶ አርባ ሦስት ሰው መጣ፤ ከተገኘው ሁለት ሦስተኛ ካልደገፈ አንቀጽ አይሰረዝም፣ ማለት ዘጠና ስድስት እጅ ያስፈልጋል። ሩሃማ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ አባል ስላልሆነች መቀመጥ አልፈለገችም።

አቶ ዓለምሰገድ ስለ አንድነት ተናገሩ። ጥሩ ተናገሩ፤ እኔን ራሴን ሊመልሱኝ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ቀጥሎ ሃይደር እጁን አነሣ። ሃይደር ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም።

«እኔ የተወለደበት ነው እየተባልኩ ነው የታለፍኩት አሉ» አለ። «አመሰግናለሁ። ግን ተሳስታችኋል። እኔ ሃይማኖቴን መርጬዋለሁ። በቀን አምስት ጊዜ ነው የምመርጠው። መምረጥ ጥፋት ከሆነ እኔንም አስወጡኝ።»

ሃይደር ተቀመጠ። ከዚያ ጋሽ ለሜሳ ተነሡ። ረጅም ንግግር ጠብቄ ነበር፤ አውሮፓን ሁሉ ያዞሩናል ብዬ። «ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብቻ ነው ያሉት። «የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብዬ፣ ዳኛው እኔ ነኝ ብዬ ተማምኜ ነው። ተሳስቻለሁ። ደግ ሰው ቢይዘውም ክፉ ሰው ቢይዘውም ሰው የማይጎዳበትን ደንብ መጻፍ ነበረብኝ። አዲሱን አምጥቻለሁ፤ አባል በጽሑፍ ሳይከሰስ፣ ሳይደመጥና በጉባኤ ሳይወሰን አይሰናበትም። በእምነቱና በሐሳቡ ከቶ አይሰናበትም። ዝክሩ በፈቃድ፣ ቀብሩ በግዴታ። በቃ።»

ጭብጨባ ሆነ። ያኔ ነው አብኔዘር የተነሣው። አብኔዘር የፊርማው ዋና ደጋፊ ነበር፤ ደሙ የሚፈላ ጎልማሳ። «አንድ ሐሳብ አለኝ!» አለ። «አንቀጹ ከመሰረዙ በፊት አንድ ጊዜ ይሥራ! ሠፈሩን ያወከው ማን ነው? ዓለምሰገድ ነው! በራሱ አንቀጽ ይሰናበት፤ ከዚያ እንሰርዘዋለን!»

ግቢው በሳቅና በጩኸት ተናጋ። «ይሰናበት!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። አቶ ዓለምሰገድን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ሃያ ዓመት የለፉለት እድር ነው። እዚያ የነበረው ሰው ያን ሰዓት ቢጠየቅ ያባርራቸው ነበር፤ አልጠራጠርም። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴ ውስጥ ደስ ብሎኛል።

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ለሜሳ። እንዲህ ሲጮኹ ክፍል ውስጥ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። «ዓለምሰገድ በዚህ አንቀጽ አይነካም! የሚነካው ካለ እኔ ከእሱ ጋር እወጣለሁ። ለሩሃማ ያልሆነ አንቀጽ ለእሱም አይሆንም።»

«መምህር፣ ይህ ሰው እኮ ጠላትዎ ነው!» አለ አብኔዘር።

«ለዚህ እኮ ነው!» አሉ። «ወዳጄ ቢሆንማ ምኑ ይከብዳል?»

አብኔዘር ተናዶ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ሰባት ሰው ተከተለው። ሒሳቡን በጭንቅላቴ ሠራሁ፤ ከደጋፊዎቻችን ስምንት እጅ ሄደ። ጋሽ ለሜሳም ያውቁታል። ቁጭ አላሉም፤ እንደ ቆሙ ድምፅ ይሰጥ አሉ።

እጅ ወጣ። እኔ ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ቆጥሬ ስላላመንኩ ደገምኩት። ከዓለምሰገድ ወገን ተቀምጠው ከነበሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ እጃቸውን አውጥተዋል። ቅድም ዳኛቸው ሊባረሩ ሲሉ ያንን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያኛው በኩል አይተውታል መሰለኝ። ዘጠና ዘጠኝ። አቶ ዓለምሰገድ እጃቸውን አላወጡም። ውጤቱን ያወጁት ግን እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ቃል አልዘለሉም፤ «አንቀጽ አሥራ አራት ተሰርዟል። ወይዘሪት ሩሃማ፣ ይግቡና ይቀመጡ» አሉ። ሩሃማ ገብታ አንድ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ማን ያየኛል ብዬ።

እማማ ኦብሴ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ቀን ኖሩ። ያረፉት ጠዋት ነው። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ ሃይደር በመኪናው ወንበር አመላለሰ፤ አብኔዘር ሳይቀር ኩርፊያውን ትቶ መጣ። የሩሃማ የእምነት ጓደኞችም መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። እማማ በሃይማኖታቸው፣ በቄሶቻቸው ጸሎት ሊቀበሩ ነው፤ ልጃቸውም እንደዚያው ይሁን ብላለች።

አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንጓዝ ጋሽ ለሜሳ የሬሳ ሳጥኑን ከፊት በግራ በኩል ያዙ። እርጅናቸውን አይቼ ልተካቸው ብዬ ተጠጋሁ፤ በዓይናቸው መለሱኝ። በቀኝ በኩል ያለው ሰው ሲደክመው ማን እንደገባ ልብ አላልኩም ነበር። ድምፁን ስሰማ ቀና አልኩ፤ አቶ ዓለምሰገድ ናቸው።

«ለሜሳ» አሉ እያለከለኩ፣ «አሁንም አልተስማማሁም። እወቀው።»

ጋሽ ለሜሳ ዞረው አላዩዋቸውም።

«ማን ተስማማ አለህ? በአንተ በኩል ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርገህ ያዝ።»

አቶ ዓለምሰገድ ትከሻቸውን አስተካክለው ከፍ አደረጉት።